ከቃጠሎ ቁስል ወደ ሰላጣ ቅጠል፦ የፒኤ14 ጉዳይ

በብዙ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ «ዩሲቢፒፒ-ፒኤ14» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ትንሽ ብልቃጥ ትገኛለች። የፊተኞቹ ፊደላት ሲፈቱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ የእፅዋት በሽታዎች ትምህርት ክፍል ማለት ናቸው። ውስጧ ያለው ባክቴሪያ ግን በ1970ዎቹ በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ፣ እሳት ካቃጠለው ሰው ቁስል ላይ የተወሰደ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰው መግል ውስጥ የነበረ ተህዋስ እንዴት የተክል ሐኪሞችን ስም ይዞ እንደቀረ፣ ከዚያም ቦስተን ደርሶ ምን እንዳስተማረ ነው የማወጋችሁ።

መጀመሪያ ስለ ባክቴሪያው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይባላል። «ኤሩጂኖሳ» የመዳብ ዝገት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ቁስል ላይ ሲሰፍር ፋሻውን ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርገዋልና። ፈረንሳዊው ካርል ጌሳር በ1882 ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣውም ይህንኑ የፋሻ ቀለም ተከትሎ ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያበቀለው ሰው ሽታውን አይረሳውም፤ ጣፋጭ ነው፣ የበሰለ የወይን ፍሬ ይመስላል። የቃጠሎ ክፍል የሠራች ነርስ ፋሻ ፈትታ ገና ላብራቶሪ ሳትልክ ትጠረጥረዋለች፤ አዲስ አበባም ቢሆን ቦስተን።

ይህ ባክቴሪያ በውኃ፣ በአፈር፣ በእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ በአበባ ማስቀመጫ ይኖራል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይነካዋል፣ ምንም አይሆንም። ቆዳው የተቃጠለ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ፣ በካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሴሎቹ ያለቁበት፣ ወይም ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው የዘር በሽታ ያለበት ሰው ሲያገኝ ግን ጨካኝ ነው። መድኃኒት ለመላመድም ፈጣን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ባወጣው ዝርዝር፣ ካርባፔኔም የተባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የተቋቋመው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት በላይኛው እርከን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ተክል ላይም በሽታ እንደሚያመጣ አዲስ ነገር አልነበረም። ኤልሮድ እና ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1942 የትምባሆ ቅጠል አጥፊ ተብሎ በሌላ ስም ይታወቅ የነበረው ባክቴሪያና የሆስፒታሉ ሱዶሞናስ አንድ መሆናቸውን አሳይተው ነበር። ይህ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል የብዙ ሰው ጆሮ አላገኘም። በ1972 ደግሞ ከፒትስበርግ አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ በዚያ የሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ሱዶሞናስ በአትክልት በኩል ወደ ሕሙማን እንደሚገባ። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ኪያር ከወጥ ቤቱ ተነሥተው ሲመረመሩ ባክቴሪያው ተገኘባቸው። ለታማሚው ብርታት ይሆነዋል ተብሎ የቀረበው የቲማቲም ሰላጣ ራሱ ተሸካሚ ነበር ማለት ነው። በበርክሌይ የእፅዋት በሽታ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው በእርሻ አፈርና በሰብል ላይ ባክቴሪያውን እየፈለጉ፣ ከማሳም ከሆስፒታልም የመጡ የባክቴሪያውን ዘሮች (ዓይነቶች) ማከማቸት ጀመሩ። ከፒትስበርጉ ቁስል የተወሰደው ዘር በርክሌይ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

አሁን ቦስተን እንሂድ። የታሪካችን ዋና ሰው፣ የጄኔቲክስ ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኦሱቤል፣ ሥራውን የጀመረው ከበሽታ ጋር በማይገናኝ ነገር ነው። እንደ አልፋልፋ ያሉ የጥራጥሬ ወገን ተክሎች ሥር ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች የሚሠሩት፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ የሚያቀርቡት ባክቴሪያዎች የትኛውን ዘረመል ይጠቀማሉ የሚለው ነበር የ1970ዎቹ ጥያቄው። በ2024 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጋሪ ሩቭኩን የዶክትሬት ሥራውን የሠራው በእሱ ቤተ ሙከራ፣ በእነዚሁ ናይትሮጅን አብሳይ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ሁለቱ በ1981 ያወጡት ዘዴ አንድን ዘረመል መርጦ በባክቴሪያው ውስጥ ለመስበር የሚያስችል ነበር። አንዱን ሰብሮ ምን እንደጎደለ ማየት፦ ኦሱቤል ከዚያ ወዲህ ያደረገው ሁሉ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

የተክል ጄኔቲክስ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ምን ያደርጋል? መልሱ ገንዘብ ነው። በ1981 ሄክስት የተባለው የጀርመን ኬሚካልና መድኃኒት ኩባንያ በቦስተን ለሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ አዲስ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ክፍል እንዲቋቋም አደረገ። በጊዜው ብዙ አወዛግቧል፤ አንድ የውጭ ኩባንያ የአሜሪካን ሆስፒታል ምርምር ገዛ ተብሎ። ኦሱቤል ወደዚያ ክፍል ተዛወረ፤ ክፍሉም ሐኪም ተመራማሪዎች በሞሉበት ሕንፃ ውስጥ ተክል አሳደገ። ገንዘቡ የኩባንያውን ልብ ያህል አትርፎ ይሁን አይሁን ሌላ ወሬ ነው። ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅጠል የሚያበሰብስ ባክቴሪያ የሚያጠናው ሰውና ቃጠሎ የሚያክመው ቀዶ ሐኪም የአንድ ሆስፒታል ባልደረቦች ሆኑ።

ተክሉ አራቢዶፕሲስ ይባላል። በገበያ ዋጋ የለውም፣ በቁመቱም ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም፦ ከጎመን፣ ከሰናፍጭ እና ከፌጦ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ላይም ሳይዘራ በራሱ ይበቅላል። በስድስት ሳምንት ገደማ ከዘር ወደ ዘር ስለሚደርስ የጄኔቲክስ ሰዎች ይወዱታል። የኦሱቤል ቡድን በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራቢዶፕሲስን ሱዶሞናስ ሲሪንጄ በሚባል፣ ተክል ብቻ በሚያጠቃ ባክቴሪያ እየበከለ፣ ተክሉ ወራሪውን እንዴት እንደሚያውቅ ይፈልግ ነበር። በ1994 ከተገኙት የመከላከያ ዘረመሎች አንዱ፣ አርፒኤስ2፣ ከዚህ ሥራ ወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ ክሮንስ በሚባለው የአንጀት ብግነት በብዙ ሕሙማን ላይ ተዛብቶ የተገኘው የሰው ዘረመል፣ ኖድ2፣ በአሠራሩ ይህንን የተክል ቤተሰብ የሚመስል ሆኖ ተገኘ። ይህን መመሳሰል ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ መሃል ነው ሎራንስ ራሜ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ወደ ቡድኑ የመጣችው። በርክሌይ ሳለች በእፅዋት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ላይ ሠርታለች። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ሰውንም ተክልንም የሚያጠቃ አንድ ባክቴሪያ ካለ፣ ሁለቱን የሚያጠቃው በአንድ መሣሪያ ነው ወይስ በሁለት?

75 የሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ዘሮች ተሰበሰቡ፤ ከሕሙማን፣ ከአፈርና ከተክል የተወሰዱ። በአራቢዶፕሲስ ቅጠል ውስጥ እየተጨመሩ ታዩ። አብዛኞቹ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሱም። ጥቂቶቹ ቅጠሉን አበሰበሱት፤ ከእነዚያም ውስጥ ፒኤ14 ጎላ ብሎ ወጣ። ሥራውን ታማኝ ያደረገው ደግሞ ይህ ነው፦ ፒኤ14 ሁሉንም አራቢዶፕሲስ እኩል አልገደለም። ከአንድ አካባቢ የመጣው የተክል ዘር ሲበሰብስ ከሌላ አካባቢ የመጣው ቆሞ ቀረ። ማለትም ባክቴሪያውን በብዛት ስላፈሰሱበት ብቻ የሞተ ቅጠል አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል እውነተኛ የበሽታና የመከላከያ ግንኙነት ነበረ።

ቀጥሎ መስበር። ሦስት ዘረመሎች ተመረጡ፤ ምርጫው ብልሃት አለበት። ሁለቱ በሐኪሞች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ቶክስ ኤ የሚባለው፣ የሴልን የፕሮቲን ፋብሪካ የሚያቆም መርዝ ያመርታል፤ የዲፍቴሪያ መርዝ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ፒኤልሲ ኤስ ደግሞ የሴልን ሽፋን ቅባት የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሠራል። ሦስተኛው፣ ጋክ ኤ፣ ከእርሻ የመጣ ነው፦ የትምባሆ ሥርን ከፈንገስ የሚጠብቅ የአፈር ሱዶሞናስ ላይ ሲያጠኑ የተገኘ፣ ሌሎች ዘረመሎችን የሚያዝ አለቃ ዘረመል። ሁለት ከሆስፒታል፣ አንድ ከማሳ።

የተሰበሩት ባክቴሪያዎች ወደ ቅጠል ገቡ፣ ከዚያም የሆስፒታሉ የቃጠሎ ቀዶ ሐኪም ሮናልድ ቶምፕኪንስ ባለበት ቡድን፣ ቆዳቸው በተቃጠለ አይጦች ላይ ተሞከሩ። ሦስቱም በሁለቱም ቦታ ደከሙ። የሆስፒታሉ መርዝ ቅጠል ለማበስበስ ያስፈልግ ነበር፤ የማሳው አለቃ አይጥ ለመግደል ያስፈልግ ነበር። ውጤቱ በ1995 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልበል። ይህን ሥራ የሚያነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ተክልና ሰው ምን ያህል ይመሳሰላሉ!» ብሎ ይደመማል። ሙከራው የሚለው ግን ይህን አይደለም። ሙከራው የተናገረው ስለ ባክቴሪያው ነው። ሌባ ሁለት ዓይነት ነው፦ ለአንድ ቤት ብቻ ቁልፍ የሚያስቀርጽ እና መዶሻ ይዞ የሚዞር። ሱዶሞናስ ሲሪንጄ ባለ ቁልፍ ነው፤ የሚያውቀው የተወሰነ ተክል አለው። ኤሩጂኖሳ ባለ መዶሻ ነው። የፕሮቲን ፋብሪካ በጎመንም በሰውም አለ፣ የሴል ሽፋን ቅባትም እንዲሁ፤ መዶሻው የሚመታው ሁሉም ቤት ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ መዶሻውን ለማጥናት ቤት መምረጥ አያስፈልግም፤ የረከሰው ቤት ይበቃል።

የረከሰው ቤት ደግሞ ሮሜን የሚባለው የሰላጣ ዓይነት ቅጠል ሆነ። የአራቢዶፕሲስ ቅጠል ጠባብ ነው፤ የሰላጣ ቅጠል ግን ወፍራም የመሃል ጅማት ስላለው በአንዱ ላይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ጎን ለጎን ወግቶ መመልከት ይቻላል። ቡድኑ በየዘረመሉ መሃል እየዘለለ የሚገባ ቁራጭ ዲኤንኤ ተጠቅሞ 2,500 ያህል የተሰበሩ የፒኤ14 ዓይነቶችን አዘጋጀ፤ እያንዳንዱን በሰላጣ ላይ ሞከረ። ይህን በአይጥ ላይ ላድርግ ቢል ስንት ሺህ የተቃጠለ አይጥ እንደሚያስፈልግ አስቡት፤ በጀቱን ብቻ ሳይሆን ሕሊናንም የሚከብድ ነው። ሰላጣ ላይ የደከሙት ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። ዘጠኙ ወደ አይጥ ተወሰዱ፤ ዘጠኙም ደከሙ። ከዘጠኙ ሰባቱ ቀድሞ በማይታወቁ ዘረመሎች ላይ የተሰበሩ ነበሩ። ውጤቱ የወጣው በ1997 ነው።

ከዘጠኝ ዘጠኝ! በባዮሎጂ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ አንባቢ መጀመሪያ ይጠራጠራል፤ እኔም ሳነበው ተጠራጥሬያለሁ። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሰላጣ የደከመ በአይጥም ይደክማል ማለት፣ አይጥ ለመግደል የሚያስፈልገው ሁሉ ሰላጣ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም። ሰላጣ ነጭ የደም ሴል የለውም፣ ሳንባ የለውም፣ ትኩሳትም አያውቅም። ለእነዚያ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በዚህ ወንፊት አይያዙም። ደራሲዎቹም ያሉት አዳዲስ መሣሪያዎችን ለማግኘት ይጠቅማል ነው እንጂ፣ ሁሉንም ያገኛል አላሉም።

ከዚያ ትል መጣ። አንድ ሚሊሜትር የምታህለው ሲ ኤለጋንስ በቤተ ሙከራ የምትኖረው ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ እየበላች ነው። ማን-ዋ ታን እና ሻሊና ማሃጃን-ሚክሎስ ምግቧን ወደ ፒኤ14 ቀየሩት። ባክቴሪያው የበቀለው በተራ መኖ ላይ ሲሆን አንጀቷ ውስጥ ተከማችቶ በቀናት ይገድላታል። ይበልጥ በበለጸገ መኖ ላይ የበቀለ ሲሆን ደግሞ ሞቷ በሰዓታት ነው። ፈጣኑን ሞት የሚያመጣው ማን ሆኖ ተገኘ? ፌናዚን የሚባሉት ቀለማማ መርዞች፤ ጌሳር በፋሻ ላይ ያየው ሰማያዊ የሚመደብበት ወገን። ፌናዚን መሥራት ያቃተው ዓይነት በተክልም በአይጥም የተዳከመ ሆነ። ለመቶ ዓመት የበሽታው ምልክት ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረው ቀለም ራሱ አንዱ መሣሪያ ነበር።

ትሏ ሰላጣ የማይሰጠውን አንድ ነገር ሰጠች፦ የራሷን ዘረመል መስበር ይቻላል። በ2002 ዴኒስ ኪም እና ባልደረቦቹ ለፒኤ14 ቶሎ የሚሸነፉ ትሎችን ፈልገው፣ ጉድለቱ ፒ38 በሚባለው የሴል ውስጥ የመልእክት ሰንሰለት ላይ መሆኑን አገኙ። ሰው ላይ ይኸው ሰንሰለት ከብግነት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት የኦሱቤል ቡድን ከጄን ሺን ቡድን ጋር፣ አራቢዶፕሲስ የባክቴሪያን ጅራት ሲያሸት የሚያስነሣውን ተመሳሳይ ሰንሰለት ዘርግቶ አሳየ።

እንግዲህ ፈተናው ይህ ነበር። ተክልም ሰውም የባክቴሪያን ጅራት፣ ፍላጀሊንን፣ ያውቃሉ። ሁለቱም በሴላቸው ሽፋን ላይ የሚያውቁበት ተቀባይ አላቸው፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ሰንሰለት ያስነሣሉ፤ አርፒኤስ2 እና ኖድ2ም ይመሳሰላሉ። «ከአንድ ጥንታዊ አያት የወረሱት ነው» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አስቡት። ኦሱቤል ግን በ2005 ጥያቄውን ርእስ አድርጎ በጻፈው የግምገማ ጽሑፍ ላይ ወደ ሌላው መልስ አዘነበለ፦ ተክልና እንስሳ ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ የደረሱት በየፊናቸው ይመስላል። አንዱ ማስረጃ ፍላጀሊን ራሱ ነው። የተክሉ ተቀባይ የሚይዘው 22 አሚኖ አሲድ ያለውን አንድ ጫፍ ነው፤ የሰው ተቀባይ የሚይዘው ሌላ ክፍሉን ነው። ሁለት ጎረቤቶች አንዱን ሌባ አንዱ በኮቴው፣ ሌላው በሳሉ ቢለዩት አብረው ተምረዋል አይባልም። በነገራችን ላይ በዓለም ዙሪያ ተክልን ለመፈተሽ የሚሸጠው ያ 22 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ የተቀዳው ከሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ፍላጀሊን ነው።

የራሱ ሥራ ያስገኘውን ያማረ ታሪክ ራሱ ማለዘቡን አከብርለታለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተወሳሰበ ሄደ። የፒኤ14 ሙሉ ጂኖም ተነቦ በ2006 ሲወጣ፣ ቀድሞ ከተነበበው የዋሁ ዘመዱ ከፒኤኦ1 ጋር ተነጻጸረ። ፒኤ14 ብቻ ያለው፣ ገዳይነቱን የሚያስረዳ ዘረመል ይገኛል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የፒኤ14 ብቻ የሆኑ አንዳንድ ዘረመሎች ሲሰበሩ በእርግጥ ባክቴሪያው ደከመ። ሌሎች የኤሩጂኖሳ ዘሮች ሲታዩ ግን፣ እነዚያ ዘረመሎች ያላቸው የዋህ ሆነው፣ የሌላቸው ገዳይ ሆነው ተገኙ። አንድም ዘረመል ብቻውን ገዳይ አያደርግም፤ ዘሩ ሁሉ በየራሱ ቅይጥ ነው የሚገድለው። ለመድኃኒት ፈላጊ ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም። አንዱን መሣሪያ የሚያፍን መድኃኒት ለአንዱ ዘር ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም።

በዚያው ዓመት ቡድኑ ትሏን ለመድኃኒት ፍለጋ አዋላት፤ በዚህ ጊዜ በኢንተሮኮከስ፣ በሌላ የሆስፒታል ባክቴሪያ። 6,000 ሰው ሠራሽ ውሕዶችና 1,136 ከተፈጥሮ የተጨመቁ ናሙናዎች በታመሙ ትሎች ላይ ተሞከሩ። 16 ውሕዶችና 9 ጭማቂዎች ትሎቹን አተረፉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ለብቻው ለመግደል ከሚያስፈልገው ባነሰ መጠን ነው ትሏን ያዳኑት። በተለመደው የሳህን ፈተና ብቻ ቢያልፉ ኖሮ ተጥለው ይቀሩ ነበር።

ፒኤ14ም ራሱ ሚስጥር ነበረው። በ2011 የለንደን ተመራማሪዎች ላድ ኤስ የሚባለውን ዘረመሉን መርምረው የተሰበረ ሆኖ አገኙት፤ 49 የዲኤንኤ ፊደላት ተደግመው ገብተውበታል። ላድ ኤስ ልጓም ነው፦ ባክቴሪያው ረጋ ብሎ እንዲሰፍር፣ ወራሪ መሣሪያውን እንዲቀንስ ያዘዋል። ጤነኛው ላድ ኤስ ሲመለስለት የፒኤ14 ሴል ገዳይነት ቀነሰ። ከ75 ዘሮች መካከል ቅጠል በማበስበሱ የተመረጠው፣ በመላው ዓለም የሱዶሞናስ ምሳሌ ሆኖ የሚጠናው ዘር፣ ልጓሙ የተበጠሰ ፈረስ ነበር። ላድ ኤስ ትእዛዙን የሚያስተላልፈውም በዚያው ከማሳ በመጣው፣ በ1995 ቅጠልና አይጥ ላይ በተሰበረው አለቃ፣ በጋክ ኤ በኩል ነው።